ቀለል ያለ የኮኮናት ወተት ፓያሳም በቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

የሻርጃዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሻርጃ ሲሆን፣ በሥራ ቦታዬ አብረውኝ ከሚውሉት ሰዎች አብዛኞቹ ከደቡብ ሕንዷ የኬረላ ግዛት የመጡ ናቸው። እነርሱ ኦናም የሚሉትን የመከር በዓላቸውን የሚያከብሩት ከእንቁጣጣሻችን ብዙም በማይርቅ ጊዜ ነው፤ በሙዝ ቅጠል ላይ የሚደረደረውን የበዓል ምሳም አብሬያቸው እቋደሳለሁ። በምሳው መጨረሻ የሚቀርበው ጣፋጭ ፓያሳም ይባላል። አንደኛው ዓይነት ቡናማ፣ ትኩስና ወፍራም ነው፤ ጣዕሙ ግሩም ቢሆንም ከዚያ ሁሉ ምግብ በኋላ ይከብደኛል። ሌላው ግን ነጭና ቀዝቃዛ ሆኖ በትንሽ ብርጭቆ ይቀርባል፤ ከለጋ ኮኮናት የሚሠራ ሲሆን ስሙም ኢላኒር ፓያሳም ነው። ሲጠጡት የኮኮናቱ ለስላሳ ቁርጥራጭ ምላስ ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል። እኔ የወደድኩት ይህን ሁለተኛውን ነው።

ለመጪው እሑድ ለእንግዶቼ ልሠራው አስቤአለሁ። ከመጀመሬ በፊት ግን የሚያውቅ ሰው ምክር እፈልጋለሁ። የኮኮናት ወተት እሳት ላይ ሲቆይ ዘይቱ ይለያያል ይባላል፤ ይህን እንዴት መከላከል ይቻላል? በቆርቆሮ የሚሸጠው ጣፋጭ ወፍራም ወተት ሳይገባበት ሊሠራ ይችላል ወይ? እንደዚሁም አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እኅቴ ለጾም የሚሆን ነገር እንድልክላት ጠይቃኛለች፤ እርሷ ጋ ለጋ ኮኮናት ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ በእጇ ባለው ነገር የምትሠራው ተመሳሳይ ጣፋጭ ካለ ብትነግሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

ኮቺ የተማረ፦

እኅቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ኬረላ በተማርኩበት ዘመን አከራዬ የነበሩት እናት ይህን ጣፋጭ ሙቀት በሚበረታባቸው ወራት ዘወትር ይሠሩ ስለነበር፣ አሠራሩን ከጎናቸው ቆሜ የመመልከት ዕድል አግኝቻለሁ።

ቡናማ ያሉት አዳ ፕራዳማን የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። እርሱ የሚሠራው ከሩዝ ሊጥ ተቀቅሎ ከተከተፈ ቁራጭ፣ ጃገሪ ከሚባለው ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳርና ከኮኮናት ወተት ነው። ከላም ወተት፣ ከሩዝና ከስኳር ብቻ የሚሠራም አለ፤ በአላፑዣ አውራጃ የሚገኘው የአምባላፑዣ የክሪሽና ቤተ መቅደስ ስሙ የገነነው በዚህኛው ዓይነት ነው። እነዚህ ሁለቱ ረጅም ሰዓት እሳት ላይ የሚቆዩ ናቸው። እርስዎ የወደዱት ግን እሳት የሚነካው ከፊሉ ብቻ ነው፤ ቀላል የሚያደርገውም ይኸው ነው። ብዙ ሰው ፓያሳምን ለማቅለል ሲፈልግ ውሃ ይጨምርበታል። ውሃ የተጨመረበት ፓያሳም ግን ቀጠነ እንጂ አልቀለለም፤ ጣዕሙ ይሞታል፣ ስኳሩም ብቻውን ጎልቶ ይወጣል።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስመጣ፣ የኮኮናት ወተት የሚለያየው ስለ ሁለት ምክንያት ነው። በወተቱ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የቅባት ጠብታዎች ከውሃው ጋር ተዋሕደው የሚቆዩት በዙሪያቸው ባለው ፕሮቲን አማካይነት ነው። ሙቀቱ ወደ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ያ ፕሮቲን መጠንከርና መጓጎል ይጀምራል፤ ከዚያም አልፎ ወተቱ ሲፈላ ጠብታዎቹ እርስ በርስ ይያያዙና ዘይቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። የኬረላ እናቶች ይህን በትምህርት ቤት ሳይማሩት መፍትሔ አበጅተውለታል፤ ከአንድ ኮኮናት ሦስት ዓይነት ወተት ያወጣሉ። የተፈቀፈቀው ኮኮናት ላይ ግማሽ ኩባያ ያህል ለብ ያለ ውሃ ይፈስና በእጅ ታሽቶ በስስ ጨርቅ ሲጨመቅ ወፍራሙ የመጀመሪያው ወተት ይወጣል። በዚያው ኮኮናት ላይ እንደገና አንድ ኩባያ ውሃ ተጨምሮ ሁለተኛው፣ ከዚያም ሦስተኛው ይጨመቃል። እናቶቻችን ለጾም የሱፍ ውሃ ሲያዘጋጁ አይተው ከሆነ፣ የእጁ ሥራ ቁርጥ እርሱን ነው። ቀጫጭኖቹ ወተቶች ቅባታቸው ጥቂት ስለሆነ መፍላት ይችላሉ፤ ስለዚህ የሚቀቀለው ነገር ሁሉ የሚቀቀለው በእነርሱ ነው። ወፍራሙ የመጀመሪያው ወተት የሚገባው ግን ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የጠበቀ ሰው ወተቱ ይቆራረጥብኛል ብሎ የሚሰጋበት ምክንያት የለም።

አሁን አሠራሩን ልንገርዎ፤ መጠኑ ለስድስት ትንንሽ ብርጭቆ የሚበቃ ነው። ሁለት ለጋ ኮኮናት ያስፈልግዎታል። ውሃውን በንጹሕ ዕቃ ገልብጠው ካስቀመጡ በኋላ ለስላሳውን ሥጋ በማንኪያ ይፋቁ። ከሥጋው ግማሹን ከሁለት ወይም ከሦስት የሾርባ ማንኪያ የኮኮናቱ ውሃ ጋር በብሌንደር ይምቱት፤ ቀሪውን ግማሽ በቢላዋ በቀጭኑ ይክተፉት። ከዚያ ግማሽ ሊትር የላም ወተት ወፈር ባለ ድስት ውስጥ አድርገው በዝግታ እሳት ላይ ሲሶው እስኪተን ድረስ ያንተክትኩት፤ ማማሰያው የድስቱን መቀመጫ ሳይለቅ መዞር አለበት፤ አለዚያ ከሥር ያርና ጠረኑ ሁሉንም ያበላሸዋል። ሊወርድ ሲል ከሦስት እስከ አራት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ይጨምሩና ያሟሙት። በቆርቆሮ የሚሸጠውን ጣፋጭ ወተት ሰዎች የሚጠቀሙት ይህን የማንተክተክ ሥራ ስለሚያስቀርላቸው ነው፤ ጊዜ ካለዎት ጨርሶ አያስፈልግም፤ በእኔ እምነት ያለ እርሱ የተሠራው የኮኮናቱን ጣዕም የበለጠ ያወጣዋል።

ቀጥሎ ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል ይመጣል፤ ወተቱ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። የኮኮናት ውሃ በጥቂቱ የአሲድነት ጠባይ አለው፤ ሞቃት የላም ወተት ውስጥ ከገባ ሊያቆራርጠው ይችላል። ወተቱ ከቀዘቀዘ በኋላ በብሌንደር የተመታውን፣ የተከተፈውን፣ አንድ ኩባያ ወፍራም የኮኮናት ወተትና ሩብ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ሄል ጨምረው ያዋሕዱት። ቆንጠር አድርገው ጨው ቢያክሉበት ጣፋጭነቱ ይስተካከላል። ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቆይና ሊቀርብ ሲል ጥቂት ካሹ በቅቤ ወርቃማ እስኪሆን ጠብሰው ከላይ ይበትኑበት። ዘቢብ የሚጨምሩ አሉ፤ በዚህ ነጭ ፓያሳም ላይ ግን ጣዕሙን ይሻማዋል ባይ ነኝ።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ቅቤ ስል በቅመም ያልተነጠረውን ማለቴ ነው። የእኛ ንጥር ቅቤ ኮሰረት፣ በሶብላና ኮረሪማ ስላለበት አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ቢገባበት ፓያሳሙ ወጥ ወጥ ይሸታል። እንደዚሁ ሄልን በኮረሪማ መተካት አይገባም። ሁለቱ ዘመዳማቾች ቢሆኑም የኮረሪማ ጠረን ጠንከር ያለና ወደ ካምፎር የሚያደላ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ስስ ጣዕም ይጫነዋል።

ጾመኛዋ፣ ከአዲስ አበባ፦

ለእኅትዎ የሚሆነውን እኔ ልጠቁም። እዚህ አዲስ አበባ ለጋ ኮኮናት ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑ እውነት ነው፤ የቆርቆሮ የኮኮናት ወተት ግን ከፍ ባሉት ሱፐርማርኬቶች ይገኛል፤ ማሾም በየእህል መደብሩ አለ። በኬረላና በታሚል ናዱ ከተፈተገና ከተከካ ማሾ የሚሠራ ፓያሳም አለ፤ የላም ወተት ጨርሶ ስለማይገባበት በቅቤው ፋንታ የኮኮናት ዘይት ከተጠቀምን ፍጹም የጾም ምግብ ይሆናል። ጣዕሙ እንደ ነጩ ስስ አይደለም፤ ነገር ግን ስኳሩ ከተመጠነና የመጨረሻው ወተት በአግባቡ ከገባ ሆድ ላይ አይከብድም።

አንድ ኩባያ የማሾ ክክ ያለ ዘይት በብረት ምጣድ ላይ ጠረኑ እስኪያውድና ቀለሙ ፈካ ያለ ቡናማ እስኪሆን ይታመሳል። ይህን ደረጃ መዝለል አይገባም፤ ያልታመሰ ማሾ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ሲበስልም ይዝለገለጋል። ከታመሰ በኋላ ታጥቦ በሦስት ኩባያ ውሃ ይቀቀል። ጣት ላይ ሲጫኑት የሚፈርስ፣ ነገር ግን ገና ቅርጹን ያልለቀቀ ሲሆን በስሏል። ሙሉ በሙሉ ከፈረሰ ገንፎ ይሆንና ቀላልነቱ ይጠፋል።

ጃገሪ እዚህ እንደ ልብ ስለማይገኝ ቡናማ ስኳር ይበቃል፤ ለአንድ ኩባያ ማሾ ከሦስት ሩብ ኩባያ እስከ አንድ ኩባያ ይገባል። የሕንዶቹ ልማድ ከዚህ በጣም የሚበልጥ ነው፤ እኛ ግን የፈለግነው ቀለል ያለውን ስለሆነ ይህ ይበቃናል። ጃገሪ ያገኘ ሰው አስቀድሞ በጥቂት ውሃ አሟሙቶ በወንፊት ያጥልለው፤ አሸዋና የአገዳ ገለባ አይጠፋበትምና። ስኳሩ የሚጨመረው ማሾው ከበሰለ በኋላ ብቻ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ክኩ እንደ ጠነከረ ይቀራል።

የቆርቆሮውን ወተት በሁለት እንከፍለዋለን። ቆርቆሮው ሳይናወጥ ፍሪጅ ውስጥ ካደረ ወፍራሙ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ይረጋል። ያንን በማንኪያ አንስተን ለመጨረሻው እናስቀምጥና፣ ከሥር የቀረውን በሁለት ኩባያ ውሃ አቅጥነን ማሾው ላይ በመጨመር ለአሥር ደቂቃ ያህል በዝግታ እሳት እናንተከትከዋለን። ድስቱ ሲወርድ ያስቀመጥነው ወፍራም ወተት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ደረቅ ዝንጅብልና ጥቂት ሄል ይገባል። ዝንጅብሉን አደራ እላለሁ፤ የማሾን ነፊነት የሚያበርደው እርሱ ነው ብለው የሕንድ እናቶች ያምናሉ፣ ጣዕሙንም ከስኳር ብቸኝነት ያወጣዋል። ከላይ በኮኮናት ዘይት የተጠበሰ የኮኮናት ስንጣሪ ወይም ካሹ ይደረግበታል። ይህ ፓያሳም ከፍሪጅ ሲወጣ በጣም ስለሚጠጥር፣ ለብ እንዳለ ቢቀርብ ይሻላል።

ከሜሪላንድ፦

ሁለቱም መልሶች የተሟሉ ናቸው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ቆርቆሮው ነው፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን በስደት አገር የምንጠቀመው እርሱን ነው፤ ስያሜዎቹም ሰውን ያሳስታሉ።

ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ፣ የኮኮናት ወተት ተብሎ ለሚሸጠው ምርት ቢያንስ 10 በመቶ፣ የኮኮናት ክሬም ለሚባለው ቢያንስ 20 በመቶ፣ ላይት ለሚባለው ደግሞ ቢያንስ 5 በመቶ ቅባት እንዲኖረው ይጠይቃል። ላይት የሚለውን ገዝቶ ቀላል ፓያሳም እሠራለሁ ብሎ ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው፤ ነገር ግን አልመክረውም። ላይቱ በመሠረቱ ውሃ የበዛበት ያው ወተት ሲሆን፣ እንዳይለያይ ብዙ ጊዜ እንደ ጉዋር ሙጫ ያለ ማወፈሪያ ይገባበታል። ሙሉ ቅባት ያለውን ገዝተን ራሳችን ብንከፍለው፣ ቀጭኑን ለመቀቀያ ወፍራሙን ለማጠናቀቂያ ማዋል እንችላለን። ዝርዝሩ ላይ ኮኮናትና ውሃ ብቻ የተጻፈበት ከተገኘ እርሱ ይመረጣል፤ ፍሪጅ ውስጥ በደንብ የሚለየውም እርሱ ነው፤ ማወፈሪያ ያለበት ብዙ ጊዜ አይለይም። ለመጠጥ ማጣፈጫ ተብሎ የሚሸጥ ስኳር የበዛበት የኮኮናት ክሬምም ከአጠገቡ ስለሚደረደር፣ ከመግዛት በፊት ዝርዝሩን ማንበብ ያስፈልጋል። እርሱ ከገባ የልኬቱ ነገር ሁሉ ይፋለሳል።

ስለ ጤናም ጉዳዩን በግልጽ መነጋገር ተገቢ ይመስለኛል። ሆድ ላይ መቅለልና ቅባት ማነስ አንድ አይደሉም። የኮኮናት ቅባት በአብዛኛው የረጋ ወይም ሳቹሬትድ የሚባለው ዓይነት ነው። 18 በመቶ ቅባት ያለው የ400 ሚሊ ሊትር ቆርቆሮ ወደ 72 ግራም ቅባት ይይዛል፤ ለስምንት ሰው ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ 9 ግራም ያህል ይደርሰዋል። ይህ ለበዓል ቀን ምንም አይደለም፤ የኮሌስትሮል ችግር ያለበት ሰው ግን እንደ ውሃ እየደጋገመ ሊጠጣው አይገባም። በትንሽ ብርጭቆ የማቅረቡ ልማድ እዚህ ላይ ብልህነት አለበት። ለስኳር ሕመምተኛ እንግዳ ደግሞ የነጩ ፓያሳም ስኳር በግማሽ ቢቀነስ እንኳ የለጋው ኮኮናት የራሱ ጣፋጭነት ያግዘዋል፤ የማሾው ግን ስኳሩ ሲቀነስ ጣዕሙ ቶሎ ይጎድላል።

የሻርጃዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ የጾመኛዋን አሠራር ለእኅቴ አሁኑኑ ልኬላታለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ገበያ ላይ ለጋ ኮኮናቶችን ሳይ ሁሉም አንድ ይመስሉኛል፤ ሥጋው ለስላሳ የሆነውን ከውጭ እንዴት ልለየው እችላለሁ? ሌላው ደግሞ፣ የሥራ ባልደረባዬ ሳጎ የሚባለውን ነጭ ፍሬ ብጨምርበት እንደሚያምር ነግራኛለች፤ ቅዳሜ ማታ ሠርቼ ለእሑድ ምሳ ማቅረብስ ይቻላል ወይ?

ኮቺ የተማረ፦

ኮኮናቱን ሲመርጡ ጆሮዎ አጠገብ አድርገው ያናውጡት። በጣም ለጋ የሆነው በውሃ ጢም ያለ ስለሆነ ብዙም አይንቦጫረቅም፤ ድምፁ ጎልቶ የሚሰማው ሥጋው መጠንከር የጀመረው ነው። ለእርስዎ የሚሆነው ትንሽ ብቻ ድምፅ የሚሰጠው ነው። ጭራሽ ድምፅ የሌለው ሲከፈት ሥጋው ገና ብርሃን የሚያሳልፍ ዝልግልግ ሆኖ ይገኛል፤ በብሌንደር ለመምታት ይሆናል፣ ለመክተፍ ግን አይያዝም። የሚፈለገው ወተት መስሎ የነጣ፣ በማንኪያ ያለ ትግል የሚላቀቅ፣ ሲያኝኩት ግን የማይንጫጫ ሥጋ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ለሻጩ ለፓያሳም እንደሚፈልጉት መንገር ነው፤ ሻጩ ኬረላዊ ከሆነ ራሱ መርጦ፣ ከፍቶና ሥጋውን አይቶ ይሰጥዎታል።

ሳጎን በተመለከተ፣ ሕንድ ውስጥ በዚህ ስም የሚሸጠው ከካሳቫ ስታርች የሚሠራ ሲሆን፣ በታሚል ናዱ የሳሌም አካባቢ በዚህ ምርት የታወቀ ነው። ለብቻው በኮኮናት ወተት ሲሠራ መልካም ጣፋጭ ይወጣዋል። እዚህ ላይ ግን አልመክርዎትም፤ ስታርቹ ሲያድር ፈሳሹን እየመጠጠ ስለሚያብጥ፣ ቅዳሜ ማታ ቀጭን ሆኖ የተቀመጠው እሑድ በማንኪያ የሚቆረጥ ይሆናል። የግድ ካስፈለገ ለብቻው ቀቅለው፣ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀው፣ ሊቀርብ ሲል አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ በየብርጭቆው መቀመጫ ላይ ያድርጉ።

ማሳደሩን ግን ያለ ሥጋት ማድረግ ይችላሉ። ፍሪጅ ውስጥ በደንብ ተከድኖ ይደር፤ ከሁለት ቀን በላይ ግን አያቆዩት፤ በሻርጃ ሙቀትም ጠረጴዛ ላይ አያሰንብቱት፤ የኮኮናት ወተት ከላም ወተት ባልተናነሰ ፍጥነት ይበላሻል። የኮኮናት ቅባት ከ24 ዲግሪ በታች የሚረጋ ስለሆነ ጠዋት ሲከፍቱት ከላይ ነጭ ሽፋን ሊያገኙ ይችላሉ፤ ያ መለያየት አይደለምና አይደንግጡ፤ በማንኪያ ቀስ ብሎ ሲማሰል ይመለሳል። ካሹውን ግን ቅዳሜ አይበትኑት። እሑድ እንግዶችዎ ምሳ እየጨረሱ ሳለ ጠብሰው ሲያቀርቡት ነው ቀርጠም የሚለው።